ያለቦታው የገባ ብሎን

የሃያ ዓመት ልጅ አራት ቀን ሙሉ እጇን አጣጥፋ ግድግዳ እያየች ከተቀመጠች ምን ልትሆንብኝ ነው? እስከ ትናንት ይህንኑ ስጠይቅ ሰነበትኩ። እኔው ያሳደግኳት የልጄ ልጅ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። በስድስት ዓመቷ የግድግዳ ሰዓታችንን ፈትታ መልሳ ገጥማዋለች። ከዚያ ወዲህ አምስት ደቂቃ እየቀደመ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ይሄዳል። ሰሞኑን ግን መበየጃዋን በገመዱ ጠቅልላ አልጋ ሥር ወርውራው ነበር። ምግብ ሳቀርብላት «በልቻለሁ እማዬ» ትለኝ ነበር። መቼ? በየት በኩል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የምትሠራው ከዋናው መንገድ ዳር፣ ስልክና የጌም መጫወቻ ከሚጠገንባቸው ሱቆች በአንዱ ውስጥ ነበር። ባለሱቁን ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። ማን እንደሾመው እንጃ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እነዚያ በእጅ ተይዘው የሚጫወቱባቸው መሣሪያዎች በሽታቸው አንድ ነው፤ ተጫዋቹ በንዴት ሲጠቀጥቀው ከቁልፉ ሥር ያለችው ስዊች ትሰበራለች። ከምስር ፍሬ አትበልጥም። የኔ ልጅ በአጉሊ መነጽር እያየች የተሰበረችውን በመበየጃ አሙቃ ታላቅቅና አዲሷን በወረንጦ አስቀምጣ ትበይዳለች። በዚያ ሰፈር ይህን የሚችል ሌላ እጅ የለም፤ የኢንጂነሩንም ጨምሮ።

እኔ ሥራውን ከመጀመሪያው አልወደድኩትም። ቤት ይዛው ስትመጣ ጭሱ ሳንባዋን እንዳይበላው መስኮት እከፍታለሁ። አንድ ቀን ነፋስ ገብቶ ስዊቿን ይዟት ሄደ፤ ሁለታችንም ምንጣፍ ላይ ተንበርክከን ስንዳብስ ዋልን። «እማዬ፣ ከጭሱ ይልቅ አንቺ ትገድይኛለሽ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። ያኔ ትስቅ ነበር።

አንድ ልማድ አላት። መሣሪያውን ከመክፈቷ በፊት ቅርጹን ካርቶን ላይ ትስለዋለች። ከዚያ እያንዳንዱን ብሎን እንደፈታችው ከሥዕሉ ላይ በየቦታው ትሰካዋለች። ብሎኖቹ ለእኔ ዓይን ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለካ ከመካከላቸው በጥቂቱ ረዘም የሚል አለ። ኢንጂነሩ በዚህ ይቀልድባታል። «ሠዓሊ ነው የቀጠርኩት ወይስ ጠጋኝ?» ይላል በደንበኛ ፊት። እሱ ብሎኖቹን ሁሉ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ይደባልቃቸዋል።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ደንበኛ መሣሪያ ስዊች ቀይራ፣ ሞክራ፣ ክዳኑን ሳትገጥም ኢንጂነሩ ሽቦ እንድታመጣ ላካት። ስትመለስ ደንበኛው መሣሪያውን ይዞ ሄዷል። በማግስቱ ሰውየው እየጮኸ መጣ፤ ስክሪኑ አልበራ፣ ቁልፉም አልሠራ ብሏል። ኢንጂነሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አቃጥላው ነው፤ ሴት ልጅ እሳት ስትይዝ እንዲህ ነው» ብሎ ከወንበሯ አስነሳት። በማግስቱ ጎረቤት ሱቅ ሄዳ ሥራ ስትጠይቅ «አንቺ ያቃጠልሽው አይደለሽም እንዴ?» አሏት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷን ግን በሃያ ዓመቷ ቀበሩት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኢንጂነሩ ራሱ ነው፣ መሣሪያውን በፌስታል አንጠልጥሎ።

«እንደምን ዋሉ እማማ፣ ልጅቷ አለች?»

«የቷ ልጅ? ያቃጠለችው?» አልኩት።

«ኧረ ይተዉ እማማ፣ የሥራ ንዴት ነው። ሁለት ጠጋኝ ጋር ወስጄው ነበር፤ የተቃጠለ አንከፍትም አሉኝ። ደንበኛው ሱቅ ቁጭ ብሎ አልነሳም ብሏል። ያበላሸችውን ታስተካክል ብዬ ነው።»

ያበላሸችውን! ደሜ ፈላ። ወንበር የሰጠሁት አስተዳደጌ ሆኖብኝ ነው እንጂ በር ላይ መቆም ነበረበት። ልጄ ግን ድምፁን ሰምታ ወጣች፣ መሣሪያውን ከእጁ ተቀበለችና ጠረጴዛው ላይ ካርቶን ዘርግታ መሳል ጀመረች።

«አሁንም ሥዕል?» አለ እየሳቀ።

«ዝም በል አንተ!» አልኩት። «ቤቴ ነው።»

የመጀመሪያውን ብሎን ፈታች፤ ሁለተኛውን ፈታች። ሦስተኛውን በወረንጦ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

«ማን ነው የገጠመው?» አለችው።

«እኔ ነኛ፤ ሰውየው ቸኩሎ ነበር። ምነው?»

«ይሄ የዚህ ቀዳዳ ብሎን አይደለም። ረጅሙ ነው።»

ክዳኑን አነሳችና አጉሊ መነጽሯን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለእሱ አይደለም፣ ለእኔ። አየሁት። የብሎኑ ጫፍ የውስጡን አረንጓዴ ቦርድ ወግቶት፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባትን እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ለሁለት በጥሷታል። የበየደቻት ስዊች ግን ከጎኗ እንደ አዲስ ጥርስ ታበራለች። እሳት የነካው ነገር የለም።

«ና እስቲ እይ ኢንጂነር» አልኩት። አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የሰው ልጅ አይደል…» ብሎ ተወው።

ልጄ መበየጃዋን ከአልጋ ሥር አወጣች፣ ከአሮጌ ገመድ አንዲት ቀጭን ሽቦ መዘዘች፣ የተበጠሰውን አገናኘች። መስኮቱን ልከፍት ተነስቼ ነበር፤ ነፋሱ ትዝ ሲለኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጭሱን አብሬያት ማግኩት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ከሥዕሉ እያነሳች ገጠመችና ማብሪያውን ተጫነችው። በራ። ቁልፉን ስትነካው ጠቅ አለ።

«ጎበዝ!» አለ እጁን እየዘረጋ። «በይ አምጪው፣ ሰውየው ይጠብቃል። አንቺም ነገ ወደ ወንበርሽ ተመለሽ፤ ይቅር ብዬሻለሁ።»

ይቅር ብዬሻለሁ! በጆሮዬ ነው የሰማሁት!

«ቆይ» አልኩት። «ለሰውየው ማን አበላሸው ልትለው ነው?»

«ምን አስፈለገ እማማ? ተሠራ አይደል?»

«በሰው ፊት ነው አቃጠለች ያልካት!»

«አሁን ይሄን ሁሉ ማንሳት… ሱቁ እኮ ስም አለው።»

«እሷስ?» አልኩት። «የሱቅህ ስም ከእሷ ስም ይበልጣል?»

እሱ ወደ ጣሪያ አየ። እኔ ገና ብዙ የምለው ነበረኝ፤ አራት ቀን ያጠራቀምኩት። ልጄ ግን መሣሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ከተዘረጋው እጁ አልፋ የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ካቻቢቴዋንና አጉሊ መነጽሯን ጨመረች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች።

«ወዴት ነው? ለእኔ ስጪኝ እንጂ፤ ደንበኛው የኔ ነው!» አለ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አነገተች። በሩን ከፈተችና ደንበኛው ወደሚጠብቅበት፣ ወደ ዋናው መንገድ ወጣች።