ንጉሡ ሠ

«ድምፅሽን ቀንሺ» አላት ቸኮል። እታገኘሁ ግን መጀመሪያውንም ድምፅ አላወጣችም፤ የሚንቀጠቀጠው ትከሻዋ ብቻ ነበር። ባሏ መምህር ያለው ከተገደለ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለፀረ አብዮተኛ ማልቀስ ክልክል ስለሆነ ድንኳን አልተተከለም። ስማቸው የተባለው የቀበሌው ጠባቂ ጠመንጃውን ታቅፎ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ የመካነ ሰላም ሰው ወንፊት ሊዋስ፣ የጠፋች በግ ሊጠይቅ እየመሰለ ይገባል። ነጋዴው ጀብሪል አንድ ቁና ገብስ አስቀመጠና «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብሎ፣ የሸጠላት ይመስል ሳይቀመጥ ወጣ።

ቸኮልም ለሐዘን እንዳልመጣ ለራሱ ነግሮታል። ከሟቹ ጋር እስከ አራተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያኛው ደሴ ተምሮ አስተማሪ ሆኖ ተመለሰ፤ ይኼኛው ኮርቻ ሰፊ ሆኖ ቀረ። በሠላሳ ዓመቱ የማታ ትምህርት ቢገባ አስተማሪው ያው እኩያው። ንጉሡ ሳይወርድ፣ በረሃቡ ዓመት፣ መምህር ያለው የራሱን ግጥም ተማሪዎቹን አጻፋቸው። ቸኮል «ሠረቀች» የሚለውን በእሳቱ ሰ ጻፈው።

ያለው ደብተሩን ከፍ አድርጎ አሳየ። «ፀሐይ ወጣች ብል ቸኮል ሆዬ ሌባ አደረጋት! በንጉሡ ሠ ነው፣ ወንድሜ።»

ጎተራው ባዶ ከሆነ ሰርቃ አይደለም ወይ ብሎ ቢከራከር ሳቁ ባሰ። ከዚያ ወዲህ ገበያተኛው ሁሉ ፀሐይ ዛሬስ ምን ሰረቀች እያለ ይጠይቀዋል። እሱም ያንን ግጥም እንደ ቂም ይዞት ኖረ፤ አንድ ቃል አልጠፋበትም።

ከመምህር ያለው አፍ የማይለየው የሩሲያ አይሁድ ጸሐፊዎች ነገር ነበር፤ ሞስኮ ላይ በገዛ መንግሥታቸው በአንድ ሌሊት ስለተረሸኑት፣ ወረቀት ሲያስገድል የባሏን ግጥም በቃሏ ይዛ ስላቆየች ሴት። ይህንኑ ለተማሪዎቹ ነገረ። ወዳጅ አገር ሩሲያን ሰደበ ተባለ፤ በማግስቱ ወሰዱት።

«ሊፈትሹ ሲመጡ ደብተሮቹን ምድጃ ከተትኳቸው» አለች እታገኘሁ። «‹አንቺም እንደዚያች ሴትዮ ያዢልኝ› ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ‹ስንት ሥራ እያለብኝ› እለው ነበር። ቸኮል፣ አንድ ስንኝ እንኳ የለኝም።»

 ከመምህሩ የተረፈው ነገር በቸኮል አፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ ይዞት ቢቀር ማን ያውቅበታል? ጠባቂው ስማቸው ቢሰማውስ? ድንገት ግን ያ አንድ ወንበር የተጋራው ልጅ ትዝ አለው፤ ብቸኛ እርሳሱን በጥርሱ ለሁለት ሰብሮ ረጅሙን ለጓደኛው የሚሰጥ ልጅ። ያን ቀን ቸኮል እርሳስ አልነበረውም።

ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«ከወለቃ ማዶ ፀሐይ ሠረቀች፣
በባዶ ጎተራ ገብታ ቁጭ አለች...»

እስከ መጨረሻው አለላት። ደጋግማ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ እስክትይዘው ድረስ አስጠናት። ከዚያ ጠየቀችው።

«‹ሠረቀች› በየትኛው ሰ ነው?»

ቸኮል አፉን ከፈተ። ደጃፉ ላይ ስማቸው አሳለ። ንጉሡ ከወረደ ወዲህ «ንጉሥ» የሚለውን ቃል የሚጠራ ሰው ዙሪያውን ያያል። ወደ ምድጃው ጎንበስ አለ፤ ጎረቤት እያበላት እሳት ስላልነደደ የደብተሮቹ ዐመድ እንዳለ ነው። መርፌ ባሻከረው ጣቱ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይሳሳት፣ ሠን ጻፈላት።

አየችው። ከዚያም በመዳፏ አበሰችው፤ መዳፏን ግን አላራገፈችም፣ ጨበጠችው።