በስሟ የተላኩ ጫማዎች

ጫማ ሠሪዋ የምትሠራው ጫማ እንቢ ላለው እግር ነው። አንዱ እግሩ ከሌላው ያጠረ፣ አውራ ጣቱ ሥር አጥንት ያበጠበት፣ ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰው ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ተስፋ ሲቆርጥ ወደ እሷ ይመጣል። እሷም ካርቶን መሬት ላይ ታነጥፋለች፣ ደንበኛዋን ታቆማለች፣ እርሳሷን ቀጥ አድርጋ በእግሩ ዙሪያ ትስላለች። ቁጭ ብሎ የተለካ እግር ይዋሻል ትላለች። ጠዋት የተለካም አይታመንም፤ እግር እስኪመሽ ያብጣላ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አመመኝ ብሎ አልተመለሰባትም። ይህን ለሰው ሁሉ ታወራለች፤ ትንሽም ታበዛዋለች።

ጫማዋን በዌብሳይት የመሸጥ ሐሳብ ያመጣው ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ዳዴ ይል ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ደንበኞችሽ መራመድ የሚያማቸው ናቸው፣ እዚህ ድረስ ለምን ይንከራተታሉ ሲላት ልቧን ነካት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ብላ ተስማማች።

አንድ ወር ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠሩት። እሱ የመጀመሪያውን ገጽ በሱቁ ታሪክና በፎቶ ሊሞላው ሲል ከለከለችው። እግሩን የሚያመው ሰው ታሪክ አያነብም፣ መጀመሪያ የቱ ጋ እንደሚያመው ጠይቀው አለችው። ስለዚህ ገጹ ሲከፈት ትልቅ የእግር ሥዕል ይመጣል፤ ሰው የሚያመውን ቦታ በጣቱ ሲነካ ለእሱ የሚሆነው ጫማ ይወጣለታል። ፊደሉን ለደከመ ዓይን አጎሉት። አመሻሽ ላይ ካርቶን ላይ ቆሞ፣ በሌላ ሰው እጅ አስለክቶ፣ ፎቶውን እንዴት እንደሚልክ በእሷው ቃል ተጻፈ። ከላይ የእሷ ፎቶ፣ ከሥሩ «በእጄ የተሰፋ» የሚል። የሃያ ዓመት ዕውቀቷን ዘረገፈችለት። ለእናት ልጅ ምን ይደበቃል?

መጀመሪያ ሰሞን ወንድሟ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ልኬት ያመጣላት ነበር። ከዚያ ቀነሰ። እንግዳው ይቅርና የድሮ ደንበኞቿም ከበሯ ጠፉ። ዌብሳይት ጊዜ ይፈልጋል፣ ታገሺ ይላታል። እሷም ጥፋቱን ከራሷ ፈለገችው፤ ሥዕሉ ግልጽ አይደለም ይሆን፣ ፊደሉ አንሶ ይሆን እያለች ስታስቸግረው እሺ አስተካክላለሁ ይላት ነበር። ስድስት ወር እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡት መምህርት በከዘራቸው እየተመረኮዙ መጡ። ቀኝ እግራቸው ከግራው በሁለት ጣት ያጥራል፤ የድሮ ደንበኛዋ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ትንሽ እንድታሰፋላቸው፣ ሳይቀየሟት፣ በትሕትና ለመኗት።

ጫማ ሠሪዋ ገለበጠችው። ሶሉ በማስቲሽ የተለጠፈ ነው፤ አንድ ክር እንኳ አልነካውም። ታኮው ግራና ቀኙ እኩል ነው። ገበሩ ላይ ደግሞ «በእጄ የተሰፋ» የሚል ማኅተም አለ።

«ከየት አመጡት?»

«ካንቺው ነዋ ልጄ። ከዌብሳይትሽ።»

ወንድሟን ጠራችው። መጣ፤ ጫማውን አየና ዓይኑን በጨው አጥቦ አስረዳት። ትእዛዙ ጎርፍ ሆነ፣ አንቺ በሳምንት አራት ጥንድ ነው የምትሠሪው፣ ሰው ደግሞ አይጠብቅም፣ ፋብሪካ በሦስት ቀን ያደርሳል አለ። ያልነገራት እንዳትጨነቅ ብሎ ነው። ስንት ጥንድ እንደተላከ ስትጠይቀው ሦስት መቶ ገደማ አላት።

ጫማ ሠሪዋ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች። ከሦስት መቶው ውስጥ ስኳር ያለባቸው አሉ፤ ቢቆስሉ እንኳ ሕመሙ አይሰማቸውም። የላኩት ልኬት፣ አመሻሽ ላይ ቆመው ያስለኩት ሁሉ፣ ማንም ሳያየው ቀርቷል። አዝላ ያሳደገችው ልጅ በጀርባዋ ወጋት።

«አንድ ሰው እንኳ እኮ አልመለሰም» አለ ወንድሟ ሊያጽናናት። «ልዩነቱን የሚያውቅ የለም፣ እታለም።»

«አውቀናል እንጂ» አሉ መምህርቷ በካልሲ እንደተቀመጡ። ቀና ብለው ሊያዩአት አልደፈሩም። «በሰፈራችን ብቻ ስድስት ነን። እጇ ደክሟል፣ ዓይኗም ፈዟል፣ ብንነግራት ቅስሟ ይሰበራል ተባብለን ነው ዝም ያልነው።»

የቀድሞው ውጋት ከዚህኛው ይሻል ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ሰው ሲያዝንላት ኖሯል።

«ዝርዝሩ አንተ ጋ ነው» አለችው። «ለሁሉም ደውል። የሠራችው እህቴ አይደለችም በል።»

እንዲህ ከተባለማ ዌብሳይቱ አለቀለት አላት። ቀጠሮ አለኝ ብሎም ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ካርቶኖቿን በክንዷ ሥር ሸጎጠች፣ እርሳሷን ያዘች፣ በቀትር ሱቋን ቆለፈች። መምህርቷ ቤቶቹን ሊያሳዩአት በዚያው በሚያማቸው ጫማ አብረዋት ሄዱ፤ በየጥቂት እርምጃው እያረፉ።

የመጀመሪያውን በር አንዲት ጎልማሳ ሴት ከፈተችው። ጫማ ሠሪዋን ስታይ ፊቷ በፈገግታ ተሞላ፣ ግቡ አለች፣ እግሯን ግን ቶሎ ብላ ከበሩ ኋላ ደበቀችው።