የጤና ሳምንት በማተሚያ ቤት

የማተሚያ ቤቱ አራሚ ከመጽሐፍ ይልቅ የሰው አፍ ማረም ይቀናዋል፤ በተለይ የጠራዧን። ጠራዧ ከልጅነቷ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ ኢንሱሊን እየተወጋች ኖራለች፤ የምትበላውን መጥና፣ የምትወጋውን ለክታ። አራሚው ደግሞ ስለ ስኳር በሽታ አንድ በራሪ ወረቀት አርሟል። ስለዚህ እሱ ይበልጣል።

«ሙዝ ነው እሱ?»

«ሙዝ ነው ጋሼ።»

«ተይ ልጄ፣ እኛ እንፈልግሻለን።»

ይህን የሚላት ዳቦውን ማር እየቀባ ነው።

የጤና ሳምንት የተጀመረ ዕለት ምሳ ልክ በስድስት ሰዓት ነው ተባለ። ጠራዧ ይህን አምና የምሳዋን ኢንሱሊን ተወጋች። ይሄኔ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ አራት ፎቅ በደረጃ አስወጣና አስወረደ፤ ከዚያ «አንድ ሁለት ቃል» ብሎ ስለ ጤናማ አመጋገብ የተጻፈ ንግግር ከኪሱ መዘዘ። ምግቡ እንደተከደነ ቀረ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ የጠራዧ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ላብ አጠመቃት። ጣቷን ወግታ ለካች፤ ሃምሳ ሁለት። ቶሎ ጣፋጭ ካልወሰደች እዚያው የመጠረዣው ጠረጴዛ ላይ፣ ሙጫው ውስጥ እንደምትደፋ ታውቃለች። ከረሜላ ስታወጣ አራሚው ቀማት።

«ስኳሬ ወርዷል» አለችው።

«እሰይ» አለ። ወደ ሰዉ ዞሮም «ስኳሯ ወረደላት። ደረጃው ሠርቷል ማለት ነው» ሲል አበሰረ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሥራ አስኪያጁ ፎቶ ይነሳ አለ።

ማስረዳት ጊዜ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ጊዜ የላትም። አራሚው በሌላ እጁ የያዘውን፣ አራት ማንኪያ ስኳር የሟሟበትን ሻይ ነጥቃ ጭልጥ አደረገችው።

«ራሷን ልትገድል ነው» አለች ወረቀት አጣፊዋ፣ አፏን በእጇ ይዛ።

ጠራዧ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሩብ ሰዓት ያህል ሁሉም እንደ አስታማሚ ከበዋት ቆሙ። ደግማ ለካች፤ ዘጠና አራት።

«እፎይ፣ ወጣ» አለች።

የሰዉ ፊት ጠቆረ። አጣፊዋ ትከሻዋን አቀፈቻት። «አይዞሽ እህቴ፣ ተስፋ አትቁረጪ።»

«ነገ ደረጃውን ሁለት ጊዜ እናወጣታለን» አለ አራሚው፣ ባዶ ብርጭቆውን እያየ። «እስኪ ያኔ አይወርድ እንደሆነ።»

ጠራዧ ግን የድስቱን ክዳን ከፍታ አፏን በሩዝ ሞልታ ነበር።