ቡና አልጠጣችም

ዲማ ነገር የገባው ሲመስለው ነው ጉዱ የሚፈላው። ባምባሲ ገበያ ላይ በቆሎና ማሽላ የሚሸጥ ቀልጣፋ ሰው ነው፤ ግን አንዴ "ገብቶኛል" ካለ በቃ፣ ማንም አይመልሰውም።

ሚስቱ ቢሊሴ ኩላሊቷን ታማ ፊቷና እግሯ ባበጠ ጊዜ አሶሳ ሆስፒታል አስተኟትና ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ጀመሩላት። ስትወጣ ነርሷ ሲስተር ብሩክታይት፣ ከገነተ ማርያም የመጣች ለአገሩ እንግዳ፣ ሁለቱንም አስቀምጣ አስጠነቀቀቻቸው።

"ክኒኑ ብቻውን እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል፣ ጨጓራም ይነካል። ቡና ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ባትጠጪ ይሻላል። ካልሆነልሽም ጠዋት ምግብ በልተሽ አንድ ስኒ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ክኒኑን ግን በገዛ እጃችሁ እንዳታቆሙት! ቀስ እያለ የሚቀንሰው ሐኪም ነው።"

ዲማ ከዚህ ሁሉ ምክር "ባትጠጪ" የምትለዋን ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ።

ባልና ሚስቱ የወለጋ ሰዎች ናቸው፤ የወለጋ ሰው ደግሞ ቡናን መጠጣት ብቻ ሳይሆን ይበላዋል። ጀንፈሉን ጫፉን ቆረጥ ያደርግና ከነገለፈቱ በቅቤ አቁላልቶ ያኝከዋል። ስሙ ቡና ቀላ ነው፤ በአገሬው ቋንቋ "የታረደ ቡና" እንደማለት። ቢሊሴ ስኒዋን ከተከለከለች ወዲህ ራሷን እያመማት ስትነጫነጭ ያያት ዲማ፣ አንድ ጠዋት በገዛ ብልሃቱ ተደንቆ ብቻውን ሳቀ።

"የተከለከለው መጠጣት ነው። መብላት ማን ከለከለ?"

ወይ ዲማ! እሱው ራሱ ድስት ጥዶ፣ እሱው አቁላልቶ፣ ጠዋት አንድ ጭብጥ፣ ማታ አንድ ጭብጥ ያቀርብላት ጀመር። "ብዪ እንጂ፣ ቅቤው አቅም ይሆንሻል" ይላታል። በፍቅር ነው እኮ፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ቢሊሴ ጭራሽ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣች።

"ልቤ ሊወጣ ነው፣ ዲማ። እጄን እየው፣ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ!"

"ይኼ ክኒን ነው! ሌላ ምን አለ?"

"ሲስተር አታቁሙ ብላለች እኮ።"

"ሲስተር ስትገላበጪ አላየችሽም። ያየሁሽ እኔ ነኝ።"

ከእጇ ተቀብሎ የክኒኑን እሽግ የጃኬቱ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተው። ቡና ቀላውን ግን አላቋረጠም፤ ቡናማ ምን አደረገ!

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሆነችም። "አላልኩሽም?" አለ። በሁለተኛው ቀን ምግብ አልወርድ አላት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋ ልትነሳ ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ ያስመልሳታል፣ ዐይኗ ቡዝ ብሏል፣ ገላዋ በላብ ቀዝቅዟል። ዲማ ሐሞቱ ፈሰሰ። ተሸክሞ ሚኒባስ ውስጥ አስገባት። እስከ አሶሳ ድረስ ጭንቅላቷ ደረቱ ላይ እንደወደቀ ነበር፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እሽጉ ከጉንጯ ሥር ይንኮሻኮሻል።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበላቸው ዶክተር ዋሊድ የሚባል ወጣት የመንጌ ሰው ነው። ሲስተር ብሩክታይት የደም ግፊቷን ለካች።

"ሰባ በአርባ! በጣም ወርዷል!"

"ክኒኗን ሳታቋርጥ ትወስዳለች?" አለ ዶክተሩ ወደ ዲማ ዞሮ።

ዲማ ብሩክታይትን አየ። ያ ሁሉ ማስጠንቀቂያዋ ትዝ አለው። "ገደላት" ሲሉት ከወዲሁ ተሰማው።

"አዎ" አለ።

"ቡናስ፣ ጋሼ ዲማ?" አለች ብሩክታይት።

"በጌታ ስም! ጠብታ አልጠጣችም!"

ይህችኛዋን አፉን ሞልቶ ነው የተናገረው፤ ለነገሩ እውነትም አልጠጣችም።

"ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ደም ይወሰድላት" አለ ዶክተሩ። ቅንድቡን ቋጥሮ ሆዷን ይዳብሳል፣ ደረቷን ያዳምጣል። ነገሩ አልገባውም፤ እንዴትስ ይግባው? ደቂቃው ግን ይሮጣል።

ቢሊሴ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። "ቡና ቀላ... ዲማ... ቡና ቀላ..."

"ቡናው ቀላ ነው የምትለው?" ብሩክታይት ጎንበስ ብላ አዳመጠች። "ለቀማ ደርሷል ልትል ነው። እየቃዠች ነው፣ ዶክተር።"

ለብሩክታይት ጆሮ ቀላ ማለት ያው ቀይ ሆነ ማለት ነው፤ ምን ታድርግ! እዚያ ክፍል ውስጥ ከቢሊሴ ሌላ የቃሉን ትርጉም የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ቢሊሴን ግን ያጣታል።

"ዶክተር፣ ግፊቷ ስልሳ ገባ!" አለች ብሩክታይት።

"መቅላት አይደለም!" ዲማ ጮኸ። "የሚበላ ቡና ነው! እኔ ነኝ ያበላኋት፣ በየቀኑ! ክኒኑንም ያስቆምኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ሦስት ቀኗ ነው። ይኸው!" እሽጉን ከኪሱ መንጭቆ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ዶክተሩ ለቁጣ ጊዜ አልነበረውም። "የክኒኑን ምትክ መርፌ፣ ሃይድሮኮርቲዞን፣ አሁኑኑ! ፈሳሹን ክፈቺው!" ብሩክታይት ሮጠች። መርፌው በደም ሥሯ ሲገባ ዲማ ጃኬቱን ነክሶ ያለቅስ ነበር።

ከቀትር በኋላ ግፊቷ ዘጠና ላይ ደረሰ። ዶክተሩ ዲማን ኮሪደር ላይ አገኘው።

"ክኒኑ የሚተካውን ሆርሞን ሰውነቷ ራሱ መሥራት ትቶ በዚያ ክኒን ተደግፎ ነበር። እርስዎ ድጋፉን በአንድ ቀን ነጠቁት። ቡናው እንቅልፍ ነሳት፤ ሊገድላት የነበረው ግን ማቆሙ ነው። ለወደፊቱ ቢጠጣም ቢበላም ቡና ቡና ነው፤ ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ፣ በጣም ትንሽ። ልቧ ከመታ ወደ እኛ ይምጡ እንጂ ክኒኑን አይንኩ።"

"ገብቶኛል" ሊል ነበር ዲማ። ዋጠውና፣ "እባክህ ድገምልኝ" አለ።

ሲገባ ቢሊሴ ዐይኗን ገልጣለች፤ የብሩክታይትን እጅ ይዛ በደከመ ድምፅ ትለምናታለች።

"ሲስተር፣ እሱን እንዳትቆጡት። ክኒኑን የተውኩት እኔ ነኝ፣ ረስቼው ነው። እሱ ምንም አያውቅም።"

ዲማ በሩ ላይ ቆመ። ጠዋት እሱ ለራሱ ሲል ዋሽቶ ነበር፤ እሷ ገና ከሞት አፍ ስትመለስ ለእሱ ስትል ትዋሻለች። ወሽመጡ ብጥስ አለ።

"ነግሬያቸዋለሁ፣ ቢሊሴ" አላት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም።"

"ቡና ቀላውንም?"

"ቡና ቀላውንም።"

"አይ ዲማ!" አለች ዐይኗን ጨፍና። "እሱን እንኳ ብትደብቅልኝ ምን ነበረበት?"

ብሩክታይት ሳቋ አመለጣት። ዲማ ግን አልሳቀም። እሽጉን ከጠረጴዛው አንስቶ በቢሊሴ መዳፍ ላይ አኖረና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት።

"ከእንግዲህ ይኼ አንቺ ጋ ይሁን" አለ።