ሃያ ሁለት ላይ የቆመው ጠቋሚ

ላሊበላ ሰው በቀትር ጋቢ ደርቦ በሚቀመጥበት ወቅት አቶ ደግሰው ሆቴላቸው ውስጥ ኤሲ አስገቡ። ምክንያቱ ሙቀት አልነበረም። ከአፋፍ ላይ የተሠራው ሆቴላቸው ሙቀት የሚባል ነገር አያውቅም፤ እንግዶች ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የሚጠይቁት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ነው። ምክንያቱ ኮከብ ነበር። አራተኛዋ ኮከብ የምትገኘው ክፍሎቹ ማቀዝቀዣ ሲኖራቸው ነው ብሎ አንድ ሰው ነግሯቸዋል። ያ ሰው ከማን እንደሰማ አልጠየቁም። ለኮከብ ሲባል ብርድ ላይ ብርድ መጨመር ካስፈለገ ይጨመራል።

የሆቴሉ የጥገና ክፍል ኃላፊ አስቻለች ናት። የክፍሉ ሠራተኛም እሷው ብቻ ስለሆነች ከበታቾቿ ጋር ተጣልታ አታውቅም። የመዳብ ቱቦዎቹን በድንጋይ ግድግዳው ውስጥ ያሳለፈችው፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ የበየደችው እሷ ናት። ስትጨርስ ቱቦዎቹን በናይትሮጂን ወጥራ፣ ብየዳው ላይ ሳሙና ቀብታ፣ አንድም አረፋ እንዳልተነፋ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ግንበኞች መጥተው ግድግዳውን ዘጉት፤ ለሰኑት፤ ቀቡት። የቀረው፣ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መጥጦ ማውጣት ነበር። ቫኪዩም ማድረግ የሚባለው ሥራ ነው፤ አየር ወይም እርጥበት ውስጡ ከቀረ ማሽኑ ዕድሜ አይኖረውም።

ለዚህ የመጨረሻ ሥራ አቶ ደግሰው ባለሙያ አስመጡ። ጋሽ ደባሱ የላስታ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን ጅቡቲ ወደብ ላይ የዓሣ ማቀዝቀዣ ሲጠግኑ ነው። ጥቁር መነጽራቸውን ክፍል ውስጥም አያወልቁም። የሥራቸው ሕግ አንዲት ቁጥር ናት።

«ሠላሳ!» አሉ የግፊት መለኪያውን ጌጅ ከፓምፑ ጋር እያያያዙ። «ጠቋሚው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ አየሩ አልቋል። ሃያ ዘጠኝ አላውቅም፤ ሃያ ስምንት አላውቅም። ወደቡ ላይ ሻይ ሳልጨርስ ነው ሠላሳ የማስገባው።»

ፓምፑ ተነሣ። ጠቋሚው ከዜሮ ወደ ታች ወረደ፤ ዐሥር፣ ሃያ፣ ሃያ ሁለት። እዚያ ቆመ። ጋሽ ደባሱ ሻያቸውን ጨረሱ። ጠቋሚው ሃያ ሁለት ላይ ነው። ሁለተኛ ሻይ መጣላቸው። ሃያ ሁለት።

«ይተነፍሳል» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ?» አሉ አቶ ደግሰው።

«ብየዳው ነዋ! ፓምፑ ሲስብ ከውጭ አየር እየገባበት ነው እንጂ ሠላሳ ለመግባት ምን ይከለክለዋል? ማነው የበየደው?»

የበየደችው እዚያው ቆማለች። አቶ ደግሰው ወደሷ ሳያዩ ተናገሩ። «ኮከብ መዳቢዎቹ ሐሙስ ይመጣሉ። እስከዚያ ሠላሳ ካልገባ ግድግዳው ይፈርሳል። የበየደውም ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ።»

አስቻለች የመጀመሪያውን ቀን ራሷን ስትጠራጠር ዋለች። ለእሷም ቢሆን ሠላሳ ሠላሳ ነበር። ጌጁ ላይ የተጻፈው እሱ ነው፤ ትምህርት ቤትም የተማረችው እሱን ነው። ከግድግዳው ውጭ የቀረውን አንዱን መጋጠሚያ ቆርጣ እንደገና በየደችው። ሃያ ሁለት። በማግስቱ ግን ጥርጣሬዋን በተራ ለማዳረስ ወሰነች።

መጀመሪያ ፓምፑን አጥፍታ ቫልቩን ዘጋች፤ ጠቋሚው የቆመበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች። ጠዋት የዘጋችው ቫልቭ ከምሳ በኋላም እንደተዘጋ ነው፤ ጠቋሚውም ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም።

«ጋሽ ደባሱ፣ ብየዳው አየር የሚያስገባ ቢሆን ይሄ ወደ ዜሮ ይመለስ አልነበር?»

«ቀዳዳው ተንኮለኛ ነው» አሉ ጋሽ ደባሱ። «ፓምፑ ሲስብ ይከፈታል፤ ሲጠፋ ይዘጋል።»

«እንዲህ ያለ ቀዳዳ አይተው ያውቃሉ?»

«እንዲህ ያለ በያጅም አይቼ አላውቅ።»

ቀጥላ ፓምፑን ከቱቦው ለይታ ጌጁን በቀጥታ ከፓምፑ አፍ ላይ ገጠመችው። አሁን በመካከል ብየዳ የለም፤ ግድግዳም የለም። ፓምፑን አስነሣች። ሃያ ሁለት።

ይህ ነገሩን ይፈታዋል ብላ ነበር። ጋሽ ደባሱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና «ወይ ጉድ! ፓምፑም ሞቷል» አሉ። ስለዚህ አሁን የተበላሹት ነገሮች ሁለት ሆኑ።

አቶ ደግሰው ዕቃ መግዛት ያውቃሉ። ዕቃ የሚመርጡት በክብደቱ ነው፤ ሁለት ሰው የማያሸክም ነገር ለእሳቸው መጫወቻ ነው። አስቻለች «ከገዙ አይቀር የዙሪያውን አየር ሳያይ ከባዶ ጀምሮ የሚለካ ጌጅ አለ፤ ከመዳፍ አይበልጥም» ብትላቸው በሐዘን ተመለከቷት። «ይሄ ሁሉ ብረት ያቃተውን መዳፍ የምታህል ነገር? ተይ እንጂ አስቻለች!» ከወልዲያ በጭነት መኪና የመጣው ፓምፕ በእውነትም ግርማ ነበረው። ሲነሣ የእንግዳ መቀበያው መስታወት ተንቀጠቀጠ። ጠቋሚውን ሃያ ሁለት ላይ አድርሶ እዚያው ተንቀጠቀጠ።

ወፍራም ጎማ ተገዛ፤ ሃያ ሁለት። የፓምፑ ዘይት ተቀየረ፤ ሃያ ሁለት። አዲስ ጌጅ ተገዛ፤ ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ፕላስቲኩ ተልጦ፣ ሃያ ሁለት። ጋሽ ደባሱ አዲሱንም ጌጅ ሞቷል አሉት። መጋዘኑ ውስጥ የሞቱ ዕቃዎች በሰልፍ ተደረደሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ላይ መሞታቸው ማንንም አላስገረመም። አቶ ደግሰው የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ፓምፑን ጠበል እንዲረጩት ሲለምኑ፣ ቄሱ ማሽኑን ዞር ዞር ብለው ካዩት በኋላ «ደግሰው፣ ይሄ ሰይጣን የያዘው አይመስለኝም፤ ባለቤቱን ነው» ብለው ሄዱ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ አስቻለች ዕቃዎቿን በአንድ ሣጥን መሰብሰብ ጀመረች። ሲርባት ወደ ሆቴሉ ሱቅ ወርዳ አንድ ቺፕስ አነሣች። ከሎጊያ በኩል የመጣ ነው። ከረጢቱ እንደ ኳስ ተወጥሯል። መደርደሪያው ላይ ያሉትም ሁሉ ተነፍተዋል።

«እነዚህ ተበላሽተው ነው?» አለቻት ሻጯን።

«ኧረ አይደለም! ሁልጊዜ ከቆላ ሲመጣ እንዲህ ነው። እዚያ ሲታሸግ ልሙጥ ነው አሉ፤ ተራራውን ሲወጣ ይነፋል።»

አስቻለች ቺፕሱን አልከፈተችም። እዚያው ቆማ ከረጢቱን በጣቷ ጫን ለቀቅ አደረገች። ውስጡ አየር አልተጨመረበትም፤ እንደታሸገ ነው። ከውጭ ሆኖ ይጫነው የነበረው አየር ነው የቀነሰው። ጌጁ ደግሞ የሚያውቀው ይህንኑ የውጭውን አየር ነው፤ እሱን ዜሮ ብሎ ይነሣና የቱቦው ውስጥ ከእሱ ስንት እንደጎደለ ይናገራል። የውጭው ራሱ ከጎደለስ?

አቶ ደግሰውን ያገኘቻቸው ሰገነቱ ላይ ነው። አዲስ ለገቡ ፈረንጆች ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ንግግር እያደረጉ ነበር፤ ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ዛሬ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ነገ አሸተን ማርያም ስትወጡ በቅሎ ያዙ። ንግግሩን እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ጋሼ፣ አሁን ያሉት ነው መልሱ። አየሩ ስስ ነው። ወደቡ ላይ ሰው አናት ላይ የተቆለለው አየር በጌጁ ቋንቋ ሠላሳ ነው። እዚህ ያለን ሃያ ሁለት ብቻ ነው። ሃያ ሁለቱንም አውጥተናል። የሌለንን ስምንት ከየት አምጥተን እናውጣው?»

አቶ ደግሰው በትዕግሥት ሰሟት። «ልጄ፣ አየር ሳሳ የሚባለው ለፈረንጅ ነው። ማሽን ምን ትንፋሽ ያጥረዋል? ደግሞ እኔ እዚህ ተወልጄ ስድሳ ዓመት ስኖር አየር ጎደለኝ ብዬ አላውቅም።»

ሐሙስ ማለዳ፣ ገና ማንም ሳይመጣ፣ አስቻለች የጌጁን መስታወት ከፍታ ፓምፑን አስነሣች። ጠቋሚው ሃያ ሁለት ላይ ቆመ። ከጠቋሚው ሥር ዜሮ ማስተካከያ የምትሆን ትንሽ ብሎን አለች። በቀጭን መፍቻ አዞረቻት። ጠቋሚው ሠላሳ ገባ። መስታወቱን መልሳ ገጠመች። ሥራዋን ለማትረፍ የሚበቃ መስሏት ነበር።

ጋሽ ደባሱ ሲገቡ ሠላሳን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ወዲያው ከጎማዎቹ አንዱን በእጃቸው ይዘው ጠበቅ አደረጉና «አላልኩም?» አሉ። «ትናንት ማታ ስሄድ ይችን ጎማና የውጭውን መጋጠሚያ በደንብ አጥብቄያቸው ነበር። ሌሊቱን ሲይዝ አድሯል ማለት ነው።»

መዳቢዋ ወይዘሮ ማኅሌት ከመኪና ማቆሚያው ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ለመናገር ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። አቶ ደግሰው በዚህች ፋታ ተጠቅመው ጌጁን አሳዩ።

«ሠላሳ! ወይዘሮ ማኅሌት፣ ችግር ነበረብን፤ አልደብቅም። የብየዳ ችግር ነበር። ደባሱ ደርሶ ደፈነልን። በያጇንም እናሰናብታታለን፤ እዚህ ቤት ለጥራት ቀልድ የለም።»

አስቻለች ሠላሳው በማን ላይ እንደተቆጠረ ያን ጊዜ ገባት። ሃያ ሁለት ሲል ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ ሠላሳ ሲል ደግሞ ጥፋቷ ተረጋገጠ። ወደ ፓምፑ ሄዳ አጠፋችው። ጎማውን ከጌጁ ፈታችና ጌጁን ብቻውን አንሥታ ለወይዘሮ ማኅሌት አቀበለቻቸው።

ጠቋሚው ተመለሰ። ዜሮ ላይ ግን አልደረሰም። ከዜሮ በታች ስምንት ላይ ቆመ።

ወይዘሮ ማኅሌት ጌጁን ገለባበጡት። «አሁን ከምን ጋር ነው የተያያዘው?»

«ከምንም ጋር» አለች አስቻለች። «ከላሊበላ ጋር።»

«ይሄውላችሁ ሰበረችው!» አሉ ጋሽ ደባሱ።

«አልሰበርኩትም ጋሽ ደባሱ፤ ብሎኗን አዙሬ እርስዎ ወደሚወዱት ቁጥር ወስጄዋለሁ። ጠዋት ነው ያዞርኩት፤ ጎማ ስላጠበቁ አይደለም የገባው። አሁን ወደቡ ላይ እንዳለ ጌጅ ነው የሚያነበው። እንግዲህ አንዱን ይምረጡ። ሠላሳው እውነት ከሆነ ይሄ ስምንትም እውነት ነው፤ የዚህ አገር አየር ከወደቡ በስምንት ያንሳል፤ ብየዳዬም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደህና ነበር። ስምንቱ ውሸት ከሆነ ደግሞ ሠላሳውም ውሸት ነው፤ ወይዘሮ ማኅሌትም ኮከቡን ይዘው ይመለሱ።»

አቶ ደግሰው ኮከቡ ሲነሣ ፊታቸውን ከጋሽ ደባሱ ወደ ወይዘሮ ማኅሌት አዞሩ።

ወይዘሮ ማኅሌት እጃቸው ገና ግድግዳው ላይ ነው። የወጡትን ደረጃ ወደ ታች አዩት። «እኔ» አሉ፣ ትንሽ ዐርፈው፣ «ስምንት እንደጎደለ ከሁለተኛው መታጠፊያ ጀምሮ አውቄዋለሁ። እሷ ናት የበየደችው?»

«እሷው ናት» አሉ አቶ ደግሰው በፍጥነት። «የቤታችን ልጅ ናት! እኔም ለእንግዶቼ የምለው ይህንኑ ነው። አየራችን ስስ ነው እላለሁ። ደባሱ፣ ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ?»

ጋሽ ደባሱ ስንት ጊዜ እንደተነገራቸው ለማስታወስ ሲሞክሩ ቆዩ።

ወይዘሮ ማኅሌት ፋብሪካው ጋዙን ሞልቶ የላከው ናሙና ኤሲ ወዳለበት ክፍል ገብተው አስከፈቱት። አሪፍ ይሠራል፤ ቀዝቃዛው አየር ፊታቸው ላይ ሲመታቸው ነጠላቸውን አጥብቀው «በጣም ጥሩ ነው፤ እባካችሁ አጥፉት» አሉ። ኮከቧ ተሰጠች። ግድግዳው አልፈረሰም። አስቻለች ከሣጥኑ ውስጥ ዕቃዎቿን አውጥታ ወደ ቦታቸው መለሰች።

ስምንት የሚያነበው ጌጅ ግን ከእጇ ወጣ። አቶ ደግሰው እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ከመስቀሎቹ ሥዕል አጠገብ ሰቀሉት። ከምንም ጋር ሳይያያዝ ስምንት ሲል ፈረንጆች ፎቶ ያነሡታል፤ አቶ ደግሰውም ስስ አየርን ራሳቸው እንዳገኙት ያስረዳሉ። የቀሩት ክፍሎች ደግሞ ገና ቫኪዩም አልተደረጉም። አስቻለች መጋዘን ወርዳ ከሞቱት ጌጆች አንዱን፣ ከሞቱት ፓምፖች ትንሹንና ለአንድ ሰው የማይከብደውን ይዛ ወጣች።

ጋሽ ደባሱ ጎማውን ራሳቸው ገጠሙ። ስለ ወደቡ ምንም አላወሩም። ፓምፑ ተነሣ፣ ጠቋሚው ወረደ፣ ሃያ ሁለት ላይ ቆመ። ጌጁን አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩዋት።

«ደርሷል?» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው።

«ይቆይ። እርጥበቱም ይውጣ። ከዚያ ቫልቩን ዘግተን እናየዋለን።»

ጋሽ ደባሱ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። ሻይ አላዘዙም።