ከኃ/ማ በላይ ያለችው መስቀል

መስቀሏን ያየኋት ማኅበርተኞቹ እቤቴ ሳሉ ነው። ያስተዋልኳት ግን ሁሉም መርቀው ከሄዱ በኋላ፣ ጓዳ ቁጭ ብዬ ዋንጫ ሳለቀልቅ ነበር። ዋንጫውን ውሃው ውስጥ ለቀቅኩት።

የሚካኤል ማኅበራችን ተራውን በቃል አይዝም። እያንዳንዱ ማኅበርተኛ ጣት የምታህል የቀርከሃ ቁራጭ አለችው፤ የክርስትና ስሙ ባጭሩ ይጻፍባታል። ገብረ መስቀል ገ/መ ነው፤ ወለተ ሚካኤል ወ/ሚ ናት። ከስሙ ጋር ምልክት ይደረጋል። ለታመመ ከፊደሉ ጎን አንድ ነጥብ፣ መንገድ ለሄደ ከፊደሉ ሥር አንድ ሰረዝ፣ ተራውን ላወጣ አራት ነጥብ። ለሞተ ከፊደሉ በላይ መስቀል። የሞተ ሰው ቁራጭ አይጣልም፤ በጥቁር ክር ከሌሎቹ ሙታን ጋር ይታሰርና በጸሎት ጊዜ ስሙ ይነሣል። ሁሉም በአንድ ሙዳይ ይቀመጣሉ፤ ሙዳዩም ከጽዋው ጋር ተራ ከደረሰው ቤት ይሄዳል።

ባሌ አድማሴ በሕይወት ሳለ ምልክት ጸሐፊው እርሱ ነበር። እርሱ ሲሞት፣ ከልጅነቴ ፊደል የቆጠርኩ ስለሆንኩና የእጅ ጽሕፈቴም ስለሚያምር፣ ሥራው ወደ እኔ ዞረ። የራሱን የአድማሴን መስቀል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ብዕር አያነሣም።

የአድማሴን ቦታ የወረሰው ልጃችን ይባረክ ነው። ክርስትና ስሙ ኃይለ ማርያም ስለሆነ ኃ/ማ ብዬ ጻፍኩለት። በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. አስተማሪ ሆኖ አዲ አርቃይ ሲመደብ ከሥሯ ሰረዝ አሰመርኩባት።

ዛሬ የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን አያ ቢያዝን፣ የሚቀጥለውን ተራ ሊያወጡ ሙዳዩን ነጠላ ላይ ሲገለብጡ ኃ/ማ ከሌሎቹ ተነጥላ ተንከባለለች። ሰረዟ ነበረች። ከላይዋ ግን ሌላ ነገር ነበር። አያ ቢያዝን ወዲያው መዳፋቸውን ጫኑባት። ቁራጮቹን የሚሰበስቡ መስሎኝ ጠላ ልቀዳ ዞርኩ።

ጓዳ ሆኜ ቀኑን እንደ ገና መለስኩት። አያ ቢያዝን በየወሩ ከበር ሳይገቡ «ዛሬስ ማን ሞተብሽ?» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር፤ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን እንደማስብ ስለሚያውቁ። ዛሬ አልቀለዱም። በአዲ አርቃይ መንገድ በርበሬና ጨው የሚነግደው የሻው ሁልጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ የመንገዱን ወሬ ይነግረኛል። ዛሬ በሩ ሥር ተቀምጦ ምርቃት ሳያልቅ ወጣ። ከይባረክ ደግሞ ከአምና ክረምት ወዲህ ደብዳቤ የለም። በሾፌር አፍ «ደህና ነኝ» ይለኛል፤ ከዚያ በቀር ቃል የለም።

በአገራችን ሞት እንዲህ ነው የሚደበቀው። ያወቁት ዝም ይላሉ፣ ከሟቹ ቤተሰብ ጋር ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ቀን ይመርጣሉ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይመጣሉ።

ነጠላ ሳልደርብ ወደ አየለች ቤት ሮጥኩ። አየለች ጎረቤቴ ናት፤ የሚቀጥለው ተራ ለእርሷ ስለ ወጣ ሙዳዩ እርሷ ዘንድ ነበር።

«አየለች፣ ሙዳዩን አምጪው።»

«ምነው እቴ! ጽዋውን እንኳ መች አስቀመጥኩና። ነጠላሽንስ ማን ቀማሽ?»

«አንድ ምልክት ረስቼ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ያን ጊዜ ልጄን ጅብ በላው ብለሽ ሰፈሩን አስለቀስሽው። ልጁ ለካ ጫማ ላኩልኝ እያለ ደብዳቤ ይጽፋል!» ብላ ሳቀች። ሳቋ እውነተኛ ነበር። ፊደል አትቆጥርም፤ ምንም አልነገሯትም።

ሙዳዩን ከፈትኩ። ከሕያዋን መካከል ኃ/ማ የለችም። በጥቁር ክር የታሰሩትን ፈታሁ። ከአድማሴ ሥር ነበረች። የመስቀሏ አንዱ ክንድ ከሌላው ይረዝማል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው የጻፋት። ቀለሟ ገና አዲስ ነው።

«የዓለምወርቅ፣ ምነው ፊትሽ?» አለች አየለች።

«ይባረክ ሞቷል።»

«ምን?»

«ጽፈውበታል። ይኸው።»

አየለች ቁራጯን አገላብጣ አየች፤ ማንበብ ባትችልም መስቀል ታውቃለች። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። የራሷን ነጠላ አለበሰችኝና ተያይዘን ወጣን።

የአያ ቢያዝን ቤት ከፒያሳ ቁልቁል፣ ወደ ቀሐ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ነው። ስንወርድ ልጄን በየዓይነቱ ገደልኩት። መጀመሪያ ሊማሊሞ ላይ፣ ማኪናው ከነጭነቱ ገደል ሲገባ። ከዚያ በወባ፣ ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ። ከዚያ ሽፍታ ጫማውን ፈልጎ። የሞተበትን ቀን እኔ ምን ስሠራ ነበር ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ምስር ስለቅም። ምናልባት ስስቅ። አየለች ክንዴን ይዛ «ይቅር ይበለን፣ ይቅር ይበለን» ትላለች እንጂ አይዞሽ አትለኝም። 

አጥሩ ጋ ስንደርስ ድምፅ ሰማን። አያ ቢያዝንና የሻው ግቢ ውስጥ ይጨቃጨቃሉ።

«እኔ አልነግራትም» ይላሉ አያ ቢያዝን። «ወሬውን ያመጣኸው አንተ፤ አንተው ንገራት።»

«መርዶ የሚነግር ሽማግሌ ነው፣ አያ።»

«መርዶ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! እርስዎ አይደሉ መስቀል የጻፉ?»

አጥሩን ገፍቼ ገባሁ። ሁለቱም ደነገጡ። 

«የት ተቀበረ?» አልኩ።

«ማን?» አሉ አያ ቢያዝን።

«ልጄ ነዋ! ከሕያዋን አውጥተው አስረውታል። አይቻለሁ። የት ነው የተቀበረው? ማን አጠበው?»

አያ ቢያዝን መቋሚያቸውን ጥለው ሁለት እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ስሚኝ። አልተቀበረም። ይተነፍሳል። ቆሞ ይሄዳል። የሻው በዓይኑ አይቶታል።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሻውም አጠገቤ ቁጢጥ አለና ነገረኝ።

«ያለፈው ገበያ ነው። አዲ አርቃይ ጨው ሳራግፍ፣ ቢጫ የለበሰ፣ ቆብ የደፋ መነኩሴ መጥቶ በስሜ ጠራኝ። እጅ ልነሣ ጎንበስ ስል ሳቀ። በሳቁ ነው ያወቅሁት። ይባረክ ነው። ትምህርት ቤቱን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ዋልድባ ገዳም ገብቶ መነኮሳቱን ሲረዳ ከርሞ በዚህ ሰሞን መነኮሰ። ለገዳሙ ጨው ሊገዛ ነበር የወረደ።»

አየለች እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ግማሽ ላይ ቆመች። «ምን ልበል? እልል ነው ወይስ ዋይ ነው?»



«ታዲያ መስቀሉ?» አልኩ።

«የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞተ ነው የሚባል፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ» አሉ አያ ቢያዝን። «በቁሙ ፍትሐት ተደርጎለታል። ፍትሐት የተደረገለትን ሰው ተራ ድረስህ፣ ጠላ ጥመቅ እንዴት እንለዋለን? ማኅበሩ ከሙታን ጋር ስሜን ያንሣልኝ ብሎ የላከው ራሱ ነው። አንቺ ጻፊው እንዳልልሽ አንጀቴ እንቢ አለኝ። በዚህ እጄ ሞነጫጨርኩት። እሑድ የንስሐ አባትሽን ይዘን ልንመጣ ነበር። ሸጋ ነገር ነው እኮ፣ ልጄ። ስንቱ ተመኝቶ አላገኘውም።»

«ስለ እኔ ምን አለ?» አልኩት የሻውን።

የሻው ጣቱን መሬት ላይ ያንቀሳቅስ ጀመር። «እናትህስ? አልኩት።  ቀስ ብላችሁ ንገሯት፤ መንገድ እንዳትጀምር፣ አለኝ።»

«ከስቷል?»

«እንግዲህ ቋርፍ ነው የሚበሉት። ከሥራ ሥርና ከሙዝ የሚሠራ ነው። እህል አይቀምሱም።»

«ወባስ?»

ጣቱን እንደ ገና መሬት ላይ ማንቀሳቀስ ጀመረ።

«እሄዳለሁ።»

«ሴት አይገባም» አሉ አያ ቢያዝን በቀስታ። «ከወንዙ ማዶ ቆመሽ ብትጣሪም አይወጣልሽም። የሞተ ሰው ነው።»

ከዚያ ቤት ገብተው ብዕርና ትንሽ ቢላ ይዘው ወጡ። ሊነግሩኝ ያፈሩት ነገር ገና ነበር። ሰረዟ መፋቅ አለባት፤ በአንድ ቁራጭ ላይ ሰው መንገደኛም ሙትም አይሆንም። ይህ የጸሐፊዋ ሥራ ነው። ቁራጯን ከጡቴ ሥር አወጣኋት፤ ከአየለች ቤት ይዣት መምጣቴን ያኔ አወቅሁ። ቢላውን ተቀበልኩ።

«አልፍቅም» አልኩ።

«ሥርዓት ነው እኮ።»

«እርስዎ ያለ እኔ መስቀል ጻፉ። እኔ ደግሞ ሰረዙን አልፍቅም። ከፈለጉ ይፋቁት።»

አያ ቢያዝን ቢላውን ከእጄ ወሰዱ። አልፋቁትም። ቁራጯን ለአየለች ሰጥተው «እንዳለች እሰሪያት» አሉ።

ስንመለስ ፀሐይዋ ከተራራው በስተጀርባ ገብታ ነበር። አየለች ቤቷ ገብታ ቁራጯን ከሙታኑ ጋር አስራ፣ የምትተኛበትን ቁርበት ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ብቻሽን አታድሪም ብላ ወሰነች፤ አልተከራከርኳትም። ከማኅበሩ የተረፈ ዳቦ አቀረበችልኝ። «ብዪ። ሕያው ነው አይደል ያሉሽ? ሌላ እናት ብትሆን ትጨፍር ነበር።»

ቆረስኩና እጄ ላይ ቀረ።

«አየለች፣ ነገ ቢሞት ማን ይነግረኛል?»

«ተመልሰሽ ገባሽበት!»

«አይደለም፣ አስቢው። መስቀሉ ተጽፏል። ፍትሐቱ ተደርጓል። ማኅበሩ ከእንግዲህ የሚጽፍበት ምልክት የለውም። የሻው ገበያ ላይ ባያየው፣ ታሞ ነው ይላል? ሞቶ ነው ይላል? ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው የለም። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ መርዶ አይነገርም። እስከ ዛሬ ክፉ ሳስብ ቢያንስ የምጠብቀው ነገር ነበረኝ።»

 አየለች ኩራዙን አበራችና ወደ በሩ አየች። ይባረክ ከሄደ ወዲህ በሩን በቀን ብዘጋም ማታ ገርበብ አድርጌ ነው የምተኛው። ከአዲ አርቃይ የሚመጡ ማኪናዎች አንዳንዴ አምሽተው ይገባሉ፤ እንቅልፍ ቢጥለኝ ደጅ እንዳይቆም ብዬ ነበር።

«ብርድ ገባ እኮ» አለች። «ልዝጋው?»

«ቆዪ።»

ከላይ፣ ከዳገቱ፣ የማኪና ድምፅ መጣ። ሁለታችንም አደመጥን። ማርሽ ቀየረ፣ ወደ ፒያሳ ታጠፈ፣ ራቀ። አየለች ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም፤ እኔም ከበሩ ላይ።

ከውጭ የማንም እግር አልተሰማም።

«ተይው፣ እኔው» አልኳት። ተነሥቼ በሩን ገጠምኩና መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው ገፋሁት።