የኮረብታው ፈቃድ

የቤት ስሟ ጠጠር ነው። ልጅ ሳለች ከመንገድ የለቀመችውን ድንጋይ ኪሷ ውስጥ እየጠቀጠቀች ስለምትገባ እናቷ ልብስ ባጠበች ቁጥር «ይቺ ልጅ መንገዱን ተሸክማው መጣች» ትል ነበር። አድጋም አመሏ አልለቀቃትም። ጂኦሎጂ ተማረችና ማዘጋጃ ቤት፣ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ተቀጠረች። አሁን ድንጋይ የምትለቅመው በደመወዝ ነው።

ታላቅ ወንድሟ ኮንትራክተር ነው፤ ድምፁ ከራሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ እጁ የተፈታ፣ «አይሆንም» የሚባል ቃል ሲሰማ ጆሮው የሚደነቁር ሰው። ከከተማው ዳር ያለውን ኮረብታ በሊዝ ገዝቶ ከአናቱ እስከ ወገቡ ቤት ሊደረድርበት ተነሣ። የፈቃድ ማመልከቻው ዞሮ ዞሮ የወደቀው እህቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ጠጠር የዚያኑ ዕለት አለቃዋ ዘንድ ገብታ አመልካቹ የእናቷ ልጅ መሆኑን ተናገረች። አለቃዋ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ጂኦሎጂስት እንደሌለው፣ እሷ አይታው የደረሰችበትን ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ እንደሚያጣራው ነገሯት።

«ታዳያለሽ ብዬ አልሰጋም» አሏት። «የራሴን አጥር ፈቃድ እንዴት እንዳመላለስሽኝ አልረሳሁም።»

ኮረብታውን ወጥታ ወርዳ አየችው። የዛፎቹ ግንድ ከሥሩ እንደ ክርን ታጥፎ ነው ወደ ላይ የቀናው። የመንገዱ ጠርዝ ተሰንጥቋል፣ ከስንጥቁ በታች ደግሞ በበጋ እንኳ የማይደርቅ ረግረግ አለ። አፈሩ ቀስ እያለ ቁልቁል እየተጓዘ ነው ማለት ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ ሳይታወቅ አንድም ቤት ሊፈቀድ አይችልም፤ መሬቱ በማሽን ይሰርሰር ብላ ጻፈች።

እሑድ እናታቸው ቤት ምሳ ላይ ሲገናኙ ወንድሟ ሰላም ያላት በግማሽ አፉ ነበር። ያ ኮረብታ ቅድመ አያታቸው ሳይወለድ የነበረ፣ እስከ ዛሬም ንቅንቅ ያላለ መሆኑን ዘርዝሮ፣ እሱ ሲገዛው ጠብቆ እግር ሊያወጣ ነው ወይ ሲል ለእናቱ ከሰሰ። እናታቸው ከእሱ ወግናለች። ወገንተኝነቷም በከንቱ አልነበረም፤ ከላይ ያለው፣ ከተማው ወለል ብሎ የሚታይበት ቤት የእሷ እንደሚሆን ቃል ተገብቶላታል።

«ልጄ፣ ተራራ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት፣ ሥራ በዝቶባት ጭንቅላቷ የተነካ ይመስል በሐዘኔታ እያየቻት።

«ይሄዳል እማዬ። እንዳንቺ ቀስ ብሎ ነው። ዝናብ ሲበዛበት ግን ይሮጣል።»

ወንድሟ ነገሩን በዓይን ምስክር ሊቋጭ ፈለገ። አምና ኮረብታው ላይ ለሽያጭ ቢሮ ብሎ ያሠራት አንዲት ክፍል አለች። እሷን አይታችሁ ፍረዱ ብሎ ሁለቱንም በመኪናው ጭኖ ወሰዳቸው። ክፍሏ አዲስ ቀለም ተቀብታ ታበራለች። በሩን በትከሻው ገፍቶ ከፈተው፣ ነፋስ እንዳይገባ ደግሞ መልሶ ገፍቶ ዘጋው። እናታቸውን በመስኮቱ በኩል ከተማውን አሳያት፤ ፕላኑን ዘረጋ፤ የወሬው ሁሉ መጨረሻ «ይኸው፣ ምን ሆነች?» ነበር።

ሊወጡ ሲሉ በሩ እምቢ አለ። ቢስበው፣ ቢነቀንቀው፣ እጀታው ተነቅሎ በእጁ ቀረ።

«አናጢው ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «ይሄን በር ስንቴ አስላግሁት መሰለሽ።»

ጠጠር የበሩን መቃን ቀና ብላ አየች። አዲሱ ቀለም ከማዕዘኑ ጀምሮ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተሰንጥቋል።

«ያስላግኸው ሁልጊዜ በዚህ በላይኛው ጥግ ነው?»

«አዎ።»

«አናጢውን አልቀየርክም?»

«ቀየርኩ እንጂ።»

«እንግዲህ በሩን አስላግህ፣ አናጢውን ቀየርክ። ያልነካኸው ምን ቀረ፣ ወንድምጋሼ?»

ወንድሟ በመስኮቱ ቁልቁል መሬቱን ተመለከተ። ፊቱ ላይ ያየችው ነገር ቁጣ አለመሆኑ ጠጠርን አስደነገጣት፤ ፈርቷል። ቤት ሊሸጥላቸው ያሰባቸው ሰዎች ከነልጆቻቸው ትዝ ብለውት እንደሆነ ገመተች፣ ግን አልጠየቀችውም።

እናታቸው ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «እኔ በመስኮት የምወጣበት ቤት አልፈልግም» አለችና ወንበር እንዲያስጠጉላት አዘዘች። እሷ በልጆቿ ድጋፍ እንደ ምንም ወጣች፤ ጠጠርም ተከተለቻት። ኮንትራክተሩ ግን ሆዱ መስኮቱ ላይ ተቀርቅሮ ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ቢሮ ቀረ። እናትና ልጅ አንዳንድ እጁን ይዘው እየጎተቱ አወጡት። እስኪወጣ ድረስ ጠጠር ሳቋን በጥርሷ ነክሳ ያዘችው። ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው።

መሰርሰሪያው በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ከላይኛው አፈር ሥር ያወጣው እንደ ሳሙና የሚያሙለጨልጭ እርጥብ ሸክላ ነበር፤ የውጭው ባለሙያም ያለው ጠጠር ያለችውን ነው። ቁልቁለቱ ተከለከለ። ጽኑ አለት ባለበት በኮረብታው ጀርባ ግን ጥቂት ቤቶች ተፈቀዱ። ወንድሟ ካሰበው እጅግ ያነሰ ስለነበር ለተወሰነ ጊዜ ጨው ሲያስፈልገው እንኳ «ልጅሽን አቀብይኝ በያት» እያለ በእናቱ በኩል ነበር የሚያናግራት።

ቤቶቹ ሲያልቁ ጠጠርና እናቷ ሊያዩ ሄዱ። ኮንትራክተሩ ገዢዎችን ሰብስቦ መሐል ቆሟል። ሰው ሁሉ ሳይቆፍር ሲሠራ እሱ ግን ማሽን አምጥቶ መሬቱን ማስመርመሩን፣ ሐሳቡም ከራሱ የፈለቀ መሆኑን በዚያ ድምፁ ያስረዳል። እናቷ ጠጠርን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ዝም ትይዋለሽ?»

«ይበል እማዬ» አለች ጠጠር። «ብቻ ይቆፍር።»